የቡቺ ጥፋት

መርሳ ሳለን ቡቺ የምትባል ውሻ ነበረችን። ከቡችላነቷ ጀምሮ የምትተኛበት ጆንያ ደርቆ አያውቅም። እማዬ «ባለጌ ናት» አለች፤ እኔም አምኜ በዱላ ልቀጣት ተነሣሁ። ከአጥሩ ሥር እንደ ባልንጀሮቿ በወጉ ስትሸና ማየቴ ደግሞ ቁጣዬን አባሰው። ከፈለገች ትችላለች ማለት ነው! ክረምት ሲገባ ወደ ወልድያ በሚሄድ የጭነት መኪና ሰደድናት። ተመልሳም አልመጣች።

ነገሩን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ሳነብ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ አንዳንዴ ገና በፅንስ ሳለ መንገዱን ይስታል፤ ፊኛውን አልፎ ሽንት መውጫው ላይ ይከፈታል። በሴት ውሾች ይበዛል፤ በድመት ብርቅ ነው። አንዱ ቱቦ ብቻ ከሳተ ሌላው ፊኛውን ይሞላልና እንስሳዋ በወጉም ትሸናለች፤ ስታንጠባጥብም ትኖራለች። ሐኪም በደም ሥር መድኃኒት ሰጥቶ በራጅ፣ ወይም ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ያየዋል። በቀዶ ሕክምናም የቱቦውን አፍ ወደ ፊኛው ይመልሰዋል። መዝጊያው ጡንቻ ከደከመ ግን ከዚያም ወዲያ የሚያንጠባጥቡ አሉ።

ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከሀብሩ ተነሥቶ ውሻ ይዞ እስከዚያ የሚሄድ ግን ማን ነበር?

የቡቺ በሽታ ይኸው ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ተኝታም ትርስ ነበር። ተኝቶ የሚባልግ ማን አለ? ይህን ለማወቅ ራጅ አያሻም ነበር።