ባቲ፦ የሰኞ ገበያና ያልተነበበው ኪታብ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ሚሌ የሚወስደውን አስፋልት የያዘ መንገደኛ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛውን መንገድ ከተጓዘ በኋላ ባቲ ይደርሳል። ከተማዋ የደጋው ወሎና የአፋር ቆላ የሚገናኙባት ደጃፍ ናት። ከበስተጀርባዋ ተራራው፣ ከፊት ለፊቷ ደግሞ እስከ ሚሌና ከዚያም ወዲያ የሚዘረጋው በረሃ አለ። ደገኛው «አሁን ቆላ ገባን» የሚለው እዚህ ሲደርስ ነው፤ ቆለኛውም «አሁን ደጋ ወጣን» የሚለው እዚሁ ነው።

ውድ አንባብያን! አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በዚህ ወር ወደዚህች ከተማ ይዘናችሁ የምንጓዘው ገበያዋን ልናስጎበኛችሁ ብቻ አይደለም። ባቲ ላይ ያየነውና የሰማነው ነገር በየቤታችን ስለተቀመጠ አንድ አደራ እንድናስብ አድርጎናል፤ ይህንኑ ሐሳብ ልናካፍላችሁ ብንወድ ነው።

ባቲ ከተነሳች ሰኞ መነሳቱ አይቀርም። ገና ጎሕ ሲቀድ ግመሎች ከቆላው በኩል ተከታትለው ይመጣሉ። አፋሮቹ ግመሉን፣ ፍየሉንና ቅቤውን ያመጣሉ፤ ደገኛው ማሽላውን፣ ጤፉን፣ በርበሬውን ይዞ ይወርዳል። በግመል ተራው ደላላው በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ ያስማማል። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛውና አርጎብኛው በአንድ ሜዳ ላይ ይደባለቃል። አንዱ በራሱ ቋንቋ ዋጋ ሲጠራ ሌላው በራሱ ቋንቋ ይመልሳል፤ ሁለቱም ይግባባሉ።

ከሁሉም በላይ የማረከን ግን የዙህር አዛን ሲሰማ ያየነው ነው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከአጠገቡ በርበሬ ለምትሸጥ ሴት «አደራ» ብሎ ብቻ ተነሳና ወደ መስጊድ ሄደ። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። እስኪመለስ ድረስ ጨርቁን ጠበቀች፤ ለመጣው ገዢም ዋጋውን ነገረች፤ ገንዘቡንም ተቀብላ አኖረች። ሲመለስ ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። ለሁለቱም ይህ ሥራ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የየሳምንቱ ልማዳቸው ነው። አደራ ማለት ለባቲ ሰው እንዲህ ያለ ነው።

ይህች ትንሽ ከተማ ስሟ ከራሷ ይሰፋል። የአገራችን ሙዚቃ ከሚመሠረትባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ «ባቲ» ይባላል። ሌላው የዚያው የወሎ ተራራ የ«አምባሰል»ን ስም ይዟል። ሦስተኛው «ትዝታ» ነው፤ አራተኛው «አንቺ ሆዬ» ነው። ባቲን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ እንኳ ከሬዲዮ ዜማ ሲሰማ «ይህ ባቲ ነው» ይላል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የከተማዋን ስም የያዘውን ዜማ አገር ሁሉ ካወቀው፣ በዚያችው ከተማ ውስጥ አባቶቻችን አላህን (ሱ.ወ.) ያመሰገኑበትን፣ በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሶለዋት ያወረዱበትን ቃል የሚያውቅ ከእኛ መካከል ስንት ነው?

በከተማዋ ሳምንቱን ከርመን ነበርና ሐሙስ ማታ፣ ለጁሙዓ ዋዜማ፣ አንድ ቤት ተጠራን። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ እጣኑ ይጨሳል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ይቀዳል፤ በየመሐሉ ዱዓ ይደረጋል፤ «አሚን» ይባላል። ከዚያ በኋላ አውጪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንዙማውን ጀመረ። ተቀባዮቹ አዝማቹን አነሱለት። ድቤው ቀስ ብሎ ገባ፤ ጭብጨባው ተከተለ። አውጪው አንድ ቃል ባረዘመ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ነውና ቃሉ ከመምጣቱ በፊት በከንፈራቸው ይቀድሙታል።

መንዙማ ውዳሴ ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ የየዘመኑ ሸኾች በዐረብኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ገጥመውታል፤ ተውሒድንና ፊቅህን ለማያነበው ሕዝብ አስተምረውበታል፤ ድርቅ ሲመጣ ዝናብ ለምነውበታል፤ በደል ሲደርስም አቤት ብለውበታል። ጀማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳና የተባሉት ስመ ጥር የዕውቀት ማዕከሎች ደረሳውን ከየአገሩ የሳቡት በኪታብ ትምህርታቸው ነው። ደረሳውም ወደ አገሩ ሲመለስ በልቡ ይዞት የሄደው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን መንዙማውንም ጭምር ነበር።

ከዚህ ውስጥ የታሪክ ሰነድ የሆነም አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ፣ ከሕዝቡ ብዙው ተሰደደ፤ ሌላው እምነቱን በልቡ ይዞ ዝም አለ፤ የቀረውም ተቋቋመ። ከተቋቋሙት ዋነኛው ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ናቸው። እኚህ አሊም በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ ግጥሞች ትተውልናል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ «ዐጀሚ» እንለዋለን። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። እርሳቸውም ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል በየመንደሩ የተገኙ ጽሑፎችና የሽማግሌዎች አንደበት ነበሩ። አንድ አሮጌ ኪታብ ከሣጥን ወጥቶ ሲነበብ የአገር ታሪክ እስከ መሆን ይደርሳል ማለት ነው።

በዚያው ሐሙስ ማታ ያየነውን እንንገራችሁ። መንዙማው ሲያበቃ የባለቤቱ እናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከጓዳ አንድ ነገር በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። «አብሽሩ ልጆቼ፤ ይህ የአባቴ ኪታብ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እስቲ ምን እንደሚል አንብቡልኝ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ቁርኣንም አኽትሟል። ተቀብሎ ገለጠው። ጥቂት ተመለከተና ግራ ገብቶት ቀና አለ። «ፊደሉ ዐረብኛ ነው፤ ቃሉ ግን ዐረብኛ አይደለም» አለ።

እውነቱን ነው። ልጁ ዐረብኛውን ፊደል ያነባል፤ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ያነባል፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ግን የሚያገናኝለት አላገኘም። አብረውን የነበሩ አንድ ሸኽ መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉት። ዐረብኛ የሌለው እንደ «ቸ» ያለ ድምፅ ሲመጣ በፊደሉ ላይ ነጥብ እንዴት እንደሚጨመርበት ለልጁ እያሳዩ ቀስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ሁለት መስመር ሳይዘልቁ ሴትዮዋ ሦስተኛውን በቃላቸው ተቀበሏቸው። አራተኛውንም አወረዱት። በልጅነታቸው ለአባታቸው ደረሶች ቡና ሲያቀርቡ የሰሙት ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ያስደነቀን። ሸኹ ሴትዮዋ የማያውቋቸውን መስመሮች አነበቡ። ሴትዮዋም በኪታቡ ላይ የሌለ አንድ ሙሉ አንቀጽ በቃላቸው አሉት። እርሳቸው የረሱትን ኪታቡ ይዞታል፤ ኪታቡ ያጣውን ደግሞ እርሳቸው ይዘውታል። በመጨረሻው ቅጠል ላይ የቤተሰቡ ልጆች የተወለዱበትና ሽማግሌዎች የሞቱበት ቀን በሂጅራ አቆጣጠር ተጽፏል። ልጁ የቅድመ አያቱን ስም እዚያ ላይ ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ። «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አላቸው። «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» አሉት።

ወገኖቻችን! ይህ ጥያቄ ለዚያ ልጅ ብቻ የቀረበ መስሎ አልተሰማንም።

ትውስታ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ በየዙሩ እየተሸረፈ ነው የሚያልቀው። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ከወሎ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። ከሁለተኛው ረሃብ በኋላ በሰፈራ ስም ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጎጃም ከተጓጓዘው 600,000 ገደማ ሕዝብ አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። አውጪው በአንድ አገር፣ ተቀባዩ በሌላ አገር ቀረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በባቲ በኩል ወደዚያ ወደብ ይመላለስ የነበረው የጭነት መኪናም አብሮ ቆመ። በመኪናው ላይ የሚኖረው ወጣትም እንጀራውን ፍለጋ ወጣ፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ሳዑዲ ተጓዘ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ባቲን አዳረሰ። የደሴው ሙዚየም የተዘረፈው በዚያ ጊዜ ነው። በሙዚየም የተቀመጠ ቅርስ እንዲህ ከሆነ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ጓዳ ውስጥ ያለ ኪታብ ምን ዋስትና አለው?

ባቲን ግን ለማዘን ብቻ አናንሳት። የወሎ ሰው ያለፈውን ሰው የሚያስታውስበት ሌላ መንገድ አለው፤ ቅሬ ይባላል። ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ በየሰፈሩ ያሰማል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ መቃብር ይቆፍራል፤ ለሐዘንተኛው ቤት ውኃና እንጨት ያደርሳል። አንድ የቅሬ አባል ሲነግሩን፣ «ቀብር ስንመለስ ሬሳውን ብቻ ቀብረን አንመለስም፤ የሰውየውን ወግ እያወራን ነው የምንመለሰው» አሉን። ወጉ በተወራ ቁጥር ሰውየው ይታወሳል። ችግሩ አውሪዎቹም በተራቸው መሄዳቸው ነው።

በመንዙማ ጉዳይ በዑለማዎቻችን መካከል የአመለካከት ልዩነት እንዳለ እናውቃለን። በድቤው፣ በጭብጨባው፣ በአንዳንድ ግጥሞች ይዘት ላይ ብርቱ ትችት ያላቸው አሉ። የአባቶቻችን የዲን ትምህርት በዚሁ ቆይቶልናል ብለው የሚከራከሩም አሉ። ይህን ለአዋቂዎቹ እንተዋለን፤ ወጣቶቻችንም በዕውቀትና በአደብ እንዲጠይቁ እንመክራለን። ነገር ግን አንድ ሰው መንዙማውን ቢያወጣም ባያወጣም፣ ቤቱ ያለውን ኪታብ ለእሳት፣ ለምስጥ ወይም ለቅርስ ነጋዴ አሳልፎ መስጠት የለበትም። ሳይነበብ የጠፋ ጽሑፍ ትክክሉም ስህተቱም አብሮ ይጠፋል፤ የሚመረመር ነገር አይቀርልንም።

ሥራው ከአቅማችን በላይ አይደለም። የሐረሩን አብዱላሂ ሸሪፍን እንመልከት። እኚህ ሰው በየቤቱ የነበሩትን የእጅ ጽሑፎች፣ ገንዘቦች፣ አልባሳትና የድሮ የድምፅ ቅጂዎች ለብዙ ዓመታት ሰበሰቡ። የተጎዳውን ኪታብ መጠገንና መጠረዝ ተማሩ። ዛሬ ስብስባቸው በሐረር ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ጅማሬው ግን የአንድ ሰው ፍላጎትና ትዕግሥት ነበር።

እኛስ ምን እናድርግ? መጀመሪያ እንጠይቅ። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ ከአያታችሁ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ የሚያውቁትን በደብተር ጻፉ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁም ድምፃቸውን በሞባይላችሁ ቅዱ። ማን እንደነገራችሁ፣ የትና መቼ እንደነገራችሁ መጻፍ አትርሱ። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ኪታብ ካለ ከእርጥበትና ከጭስ አርቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንሱት፤ ለማንም አትሽጡት። ሦስተኛ፣ ዐጀሚ የሚያነቡ ሸኽ በሰፈራችሁ ካሉ ጊዜ ሳለ ተማሩ። ቁርኣን ያኸተመና አማርኛ የሚችል ወጣት ፊደሉንም ቋንቋውንም ይዟልና መንገዱ ቅርብ ነው። ወላጆችም ብትሆኑ ልጆቻችሁ እስኪጠይቁ አትጠብቁ።

በባቲ ገበያ ላይ ነጋዴው «አደራ» ብሎ የተወው ጨርቅ በአንዲት ሶላት ጊዜ ውስጥ ተመልሶለታል። አባቶቻችን «አደራ» ብለው የተዉልን ግን ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ተቀባዮቹም እኛው ነን። አላህ (ሱ.ወ.) ያለፉትን ይማርልን፤ ያሉትን ሽማግሌዎቻችንን ዕድሜ ይስጥልን፤ እኛንም አደራ ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።