ውሎ የሚገባ ጫማ

ጫማ ገዝቶ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ ጫማ መግዛት የሚያውቅ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። እኛም ከማያውቁት ወገን መሆናችንን የተረዳነው ጠጕራችን መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ ያውም በወለጋ ምድር፣ በዴዴሳ ሸለቆ አፋፍ፣ በአንድ ትልቅ የድንጋይ ገጽ ላይ ቆመን መውጣትም መውረድም ባቃተን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ትምህርት ቤቶችን እንድንጎበኝ ወደ ነቀምቴ ተልከን ነበር። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ብዙ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ጊምቢ ወርዶ ከዚያ ወደ ደምቢ ዶሎ ይዘልቃል፤ አንዱ ወደ ደቡብ በአርጆ በኩል ወደ በደሌ ያደርሳል፤ ሌላው ዐባይን ተሻግሮ ቡሬ ይገባል። መንገዱ የበዛላት ከተማ ብትሆንም ከመንገዶቹ ግራና ቀኝ ያለው አገር ግን ዛሬም የሚደረስበት በእግር ነው። ከምንጎበኛቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ መኪና ከሚያቆምበት ስፍራ የግማሽ ቀን ጕዞ እንደሚርቅ፣ በመካከሉም ቋጥኝ መውጣት እንዳለ ሲነገረን፣ «እንግዲያውስ ለተራራ የሚሆን ጫማ እንግዛ» ብለን ወደ ገበያ ወጣን።

አገዛዛችንን ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል። በጧት፣ ሌሊቱን ሙሉ ባረፈ እግር፣ በስስ ካልሲ ሄድን። ዐይናችንን የሳበው ወፍራም ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ቡናማ የቆዳ ጫማ ነበር። እኛ 42 ቁጥር ስንሆን የተገኘው 41 ብቻ ሆነ። ሻጩ «ቆዳ ነው፣ ይሰፋል» አለን። ቆዳ እንደሚሰፋ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሰፋው ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት አይደለም፤ ጣት ደግሞ የሚጋጨው ከፊቱ ነው። ይህን ሻጩ ቢያውቀውም ሊነግረን አይገባውም ነበር እንበል። በመስተዋት አይተነው አማረብን፤ ገዛነው።

በማግስቱ መንገዱን እንዲመሩን የተሰጡን ሰው ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ፣ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ያሉ አባት ነበሩ። ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ከዱላው ጫፍ ላይ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጫማ በክሩ አንጠልጥለዋል፤ እግራቸው ግን ባዶ ነው። ይህ ልማድ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። የገጠሩ ሰው ጫማውን ተሸክሞ ይመጣና ከገበያው ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ሲደርስ እግሩን አራግፎ ይጫማል፤ ሲመለስም እዚያው ያወልቃል። ከአባቶቻችን መካከል ስንቱ እንዲሁ አድርጎ ይሆን!

የመጀመሪያው ሰዓት መልካም ነበር። በሁለተኛው ሰዓት ቁልቁለቱን ስንይዝ አውራ ጣታችን ከጫማው አፍንጫ ጋር መማታት ጀመረ። ፀሐይ ሲበረታ እግራችን አበጠ፤ ሰው ሲሄድ ሲውል እግሩ እንደሚያብጥና የጧቱ 42 ከቀትር በኋላ 42 እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላሰብነውም ነበር። በዚህ ሁኔታ ሳለን ነው ከቋጥኙ የደረስነው። ድንጋዩ እንደ ግድግዳ የቆመ ሳይሆን እንደ ቤት ጣራ የተጋደመ፣ ቁመቱም ሃያ ርምጃ ያህል ነው። መሪያችን እንደ ፍየል ወጡት። ባዶ እግር የድንጋዩን ሸካራነት ያውቀዋል፤ ጣት የሚቆምበትን ስንጥቅ ዳስሶ ያገኛል። የእኛ ጫማ ግን ሶሉ ደርቆ እንደ ሳንቃ የማይታጠፍ በመሆኑ ከእኩሌታው ላይ አንሸራተተን፤ በእጃችን ድንጋይ አቅፈን ቀረን። አዛውንቱ ተመልሰው ወርደው ዱላቸውን ዘረጉልን።

ከላይ ተቀምጠን ጫማችንን ስናወልቅ ተረከዛችን ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል።

«መምህር፣ ጫማው ያሠቃየዎ መሰለኝ» አሉን።

«አዎን ኦቦ። እርስዎስ የእርስዎን ለምን አይጫሙትም?»

«የኔም ያው ነው። ልጄ ከአዲስ አበባ ለመስቀል ላከልኝ፤ ያምራል፣ ግን እግሬን ይበላኛል። እርስዎ በእግርዎ፣ እኔ በትከሻዬ ሆነን ነው እንጂ ሁለታችንም ጫማ ተሸክመናል።»

ሳቅን። የቀረውን መንገድ እኛም ጫማችንን አንጠልጥለን፣ በካልሲ እየተነከስን ሄድን።

ማታ በርእሰ መምህሩ ቤት ለእግራችን ውሃ በመታጠቢያ ሳሕን ቀረበልን። የሳቁ ነገር ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ቀዩ አፈር ታጥቦ ሲወርድ የአዛውንቱ ግራ እግር ከቀኙ ጎላ ብሎ፣ በጣቶቹ አጠገብ ያለው ቆዳ ወፍሮና ሸክሮ ታየን። ምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ «ሌሊት ያሳክከኛል፣ እንደ እሳት ያቃጥለኛል፤ አንዳንዱ መተት ረግጠህ ነው ይለኛል» አሉን፤ እግራቸውንም ቶሎ ብለው በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ነገሩን ለአንድ የጤና ባለሙያ አጫወትነው። እርሱም የነገረን፣ እኛም ከዚያ ወዲህ ያነበብነው ባጭሩ ይህ ነው። በሽታው በሐኪሞች አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በአገራችን በጅምላ ዝሆኔ ከምንላቸው ሕመሞች አንዱ ነው። ስሙን ያወጣለት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ቃሉ «እግር» እና «ትቢያ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። እንደ ሌላው ዝሆኔ በቢንቢ የሚተላለፍ ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ዓመት ከዓመት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው የአፈሩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት በቆዳው ዘልቆ የሊምፍ መተላለፊያዎቹን ያቈስልበታል፤ ከዚያም እግሩ እያበጠ ይሄዳል። ሁሉም አይታመምም፤ በተፈጥሮው ለዚህ የቀረበ ሰው አለ፤ በቤተሰብ ተከታትሎ የሚታየውና ጎረቤትን «የዘር ርግማን ነው» የሚያሰኘው ለዚህ ነው። በዚህም ሰበብ የፈረሰው ጋብቻና ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ ቀላል አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ የታመመውን ሰው 1.5 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ይገምተዋል። ከነቀምቴ አጠገብ ያለችው ዋዩ ቱቃ ወረዳም በምሥራቅ ወለጋ በሽታው ከተጠናባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት።

መድኃኒቱስ? ሲጀምር ከተያዘ በየዕለቱ እግርን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ያስታግሠዋል። ገና ያልታመመውን ደግሞ የሚጠብቀው ጫማ ነው። ጤና ባለሙያው ይህን ሲነግረን ዐይናችን ላይ የመጣብን በዱላ ጫፍ የተንጠለጠለው ጥቁር ጫማ ነበር። አዛውንቱ ጫማ የሌላቸው ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በገንዘብ ይፈታ ነበር። እርሳቸው ግን ጫማ አላቸው፤ አፈሩን ሲረግጡ የሚውሉት ጫማው ስለማይመቻቸው ነው። «ምቾት» የምንለው ነገር የቅምጥል ወሬ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን፤ የማይመች ጫማ ይወልቃል፣ የወለቀ ጫማ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ከዚያ በኋላ ስለ ጫማ ማንበብ ያዝን። ወዳጆቻችን ቢስቁብንም፣ ብዙውን ያገኘነው ገደል መውጣትን እንደ ስፖርት ከያዙት ሰዎች ነው። እነርሱ ሁለት ዐይነት ጫማ አላቸው። አንደኛው ጣትን አጣጥፎ የሚያጨናንቅ፣ አፍንጫው ወደ ታች የጎበጠ ነው፤ ለአጭርና ለአስቸጋሪ ድንጋይ ይጫሙትና ወዲያው ያወልቁታል። ከጧት እስከ ማታ በገደል ላይ የሚውሉት ግን ታቹ ጠፍጣፋ፣ ጣት ሳይታጠፍ የሚዘረጋበትን ይመርጣሉ፤ ተረከዝ ሳይላወስ ይያዛል፣ ጣት ግን ይተነፍሳል። የሚለኩትም ከቀትር በኋላ፣ እግር ባበጠበት ሰዓት፣ ሊያደርጉት ባሰቡት ካልሲ፣ ቆመውና አዘቅዝቀው ነው። እኛ ያደረግነው ሁሉ የዚህ ተቃራኒ ነበር።

የኢጣልያው ተራራ ወጪ የቪታሌ ብራማኒ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በዘመኑ ተራራ ወጪዎች እስከ ገደሉ ሥር በምስማር በተመታ ከባድ ጫማ ይሄዱና ለድንጋዩ ቀላል ጫማ ይለውጡ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. በአልፕ ተራሮች ላይ ብርድና ውሽንፍር ደርሶባቸው ስድስት ጓደኞቹ ሞቱበት። ብራማኒ ከሞታቸው ምክንያቶች አንዱ ጫማቸው መሆኑን አስቦ፣ ለመንገዱም ለድንጋዩም ለበረዶውም የሚሆን አንድ ሶል ሊሠራ ተነሣ፤ የመኪና ጎማ የሚሠራው የፒሬሊ ኩባንያ ረድቶት በ1937 ባለ ጥርስ የላስቲክ ሶል አወጣ። በ1954 ኬቱ ተራራን መጀመሪያ የወጡት ኢጣልያውያን የተጫሙት ይህንኑ ሶል ነው። ይህን ስናነብ በረባሶን አስታወስን። የእኛም ጫማ ሠሪ ከአሮጌ ጎማ ቈርጦ የሚሰፋው ሰንደል ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚነክስ የተጫማው ያውቀዋል፤ ጉድለቱ ግልጥ በመሆኑ አፈሩን ማስገባቱ ብቻ ነው። ኮንጎ የምንለው የፕላስቲክ ጫማም አፈሩን ቢከለክልም በፀሐይ ይግላል፣ እግርንም በላብ ይቀቅላል።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልነበረምን?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ነገር ግን ሲነገር እንደምንሰማው በባዶ እግሩ የሮጠው እዚያ ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶክዮ ላይ ሲያሸንፍ ግን ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ነበር፤ ሰዓቱም ከሮማው በሦስት ደቂቃ ያህል ተሻለ። ይህ ታላቅ ሰው የማይመቸውን ትቶ የሚመቸውን ተጫማ ማለት ነው፤ የባዶ እግርን ክብር ለማስረዳት እርሱን መጥቀስ አግባብ አይመስለንም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በኅዳር ወር እነዚያ አባት ወደ ነቀምቴ እንዲመጡ ላክንባቸው፤ መጀመሪያ ወደ ጤና ባለሙያው ወሰድናቸው፤ ቀጥሎ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ገበያ ወጣን። ወፍራም ካልሲ አድርገው ተቀመጡ። የግራው እግር ስለሚበልጥ በግራው ለካን፤ ለቀኙ ውስጡ የሚነጠፍ ገበር ተጨመረበት። ያማሩት ጫማዎች ሁሉ ተሞክረው ወደቁ። በመጨረሻ ሻጩ ከጓዳ ያወጣው ሰፊ፣ አፍንጫው ክብ፣ ሶሉ ለስላሳ ላስቲክ የሆነ፣ መልኩም እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ የሆነ ጫማ ነበር። አዛውንቱ የሱቁን የድንጋይ ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጥተው ወረዱ፤ ሲወርዱ ጣታቸው እንደማይነካ በእጃቸው ጫን ብለን አረጋገጥን። ሻጩ «አባቴ፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊዘምቱበት?» ብሎ ቀለደ። ዋጋውን እንክፈል ብንል እምቢ አሉ፤ በብዙ ክርክር እኩል ተካፈልን። ከሱቁ ወጥተን ከአስፋልቱ ወደ ቀዩ አፈር ስንሻገር እንደ ልማዳቸው ወደ ክሩ አጎነበሱ፤ እኛን አይተው እጃቸውን መለሱና ረገጡት።

በግንቦት ወር ለሥራ ወደዚያው ትምህርት ቤት ስንሄድ ከቋጥኙ ሥር ቆመው ጠበቁን። እኛም በዚህ ጊዜ 43 ቁጥር፣ ተጣጣፊ ሶል ያለው ተጫምተን ነበር። ድንጋዩን ተከታትለን ወጣን፤ ዱላ የዘረጋ አልነበረም። የአዛውንቱ ጫማ እስከ አንገቱ በቀይ አፈር ተለውሷል፤ አንደኛው ክር ተበጥሶ በቃጫ ተተክቷል። ሌሊት የሚያቃጥላቸው እንደ ቀለለላቸው፣ ጥቁሩንም ጫማ ለወንድማቸው ልጅ እንደ ሰጡት እየነገሩን ከላይ ተቀመጥን።

«ጫማውስ ኦቦ፣ ተመቸዎት?» ብለን ጠየቅናቸው።

አዛውንቱ ወሬያቸውን አቋርጠው ግራ እንደ ገባው ሰው አዩን።

«የቱ ጫማ?» አሉን።