የዳቦ ዋስ ማን ነው?

ዋስ ማለት ባለዕዳው ቃሉን ሳይጠብቅ ቢቀር በእርሱ ፈንታ የሚጠየቅ ሰው ነው። «ዋስትና» የሚለው ስምም የሚወጣው ከዚሁ ቃል ነው። በአማርኛ መምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት ይህን ቃል ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ፤ «የምግብ ዋስትና» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ በሚገባ የተረዳሁት ግን አንድ ተማሪዬን ያለ አግባብ ካረምሁት በኋላ ነው።

ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነበር። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ገበያ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። ከእነርሱም አንዱ «በቀበሌያችን ሱቅ ስኳር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ስኳር የለም» ሲል ጻፈ። እኔም ዐረፍተ ነገሩን በቀይ ቀለም ሰርዤ «እርስ በርሱ ይጋጫል» የሚል ማስታወሻ አኖርሁበት። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን እጄን ያንቀሳቀሰው የሰዋስው ሕግ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ አንድ ባልደረባዬ ስለ ሌኒንግራድ ከተማ አጫወተኝ። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ምግብ በካርድ መታደል ጀምሮ ነበር። «ዋጋው ተጽፎ ይታያል፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ነው» አለኝ። በዚያች ቅጽበት የተማሪዬ ዐረፍተ ነገር ትዝ አለኝ፤ ስለ ነገሩም ማንበብ ጀመርሁ።

የችግሩ ሥር የቆየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የሶቪየት መንግሥት የሥጋና የቅቤ ዋጋ በመጨመሩ የኖቮቸርካስክ ከተማ ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፤ ወታደሮችም ተኩሰው ከሃያ የሚበልጡ ሰዎችን ገደሉ። ከዚያ ወዲህ መሪዎቹ የምግብን ዋጋ መንካት ፈሩ። የዳቦ ዋጋ ለብዙ ዓመታት ሳይነቃነቅ ኖረ፤ ከመኖ ይልቅ ዳቦ ስለሚረክስ አሳማቸውን በዳቦ የሚቀልቡ ገበሬዎች እንኳ ነበሩ። የጎደለውን እህል መንግሥት ከአሜሪካና ከካናዳ ይገዛ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የነዳጅ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ግን የመግዣው ገንዘብ መነመነ። የዳቦው ዋስ መንግሥት ብቻ ነበርና ዋሱ ሲደክም የሚተካው አልተገኘም።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1991 ፈረሰች። የሩሲያ መንግሥትም በጃንዋሪ 2 ቀን 1992 አብዛኛውን የሸቀጥ ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። ባዶ የነበሩት መደርደሪያዎች ቀስ በቀስ ሞሉ፤ ነገር ግን ዋጋ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ወደ 26 እጥፍ ያህል በመናሩ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ገንዘብ ከንቱ ሆነ። ቀድሞ ገንዘብ እያለ ምግብ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ምግብ እያለ ገንዘብ ጠፋ። በሥልጣንና በኢኮኖሚው ለውጥ ሳቢያ በፕሬዚዳንት የልትሲንና በምክር ቤቱ መካከል የተነሣው ጠብም በኦክቶበር 1993 በታንክ ተኩስ ተደመደመ፤ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ።

ይሁን እንጂ አገሪቱ በረሃብ አላለቀችም። የከተማው ነዋሪ በዕረፍት ቀኑ በባቡር እየተሳፈረ ከከተማ ውጭ ወዳለው ትንሽ የአትክልት ቦታው ይሄድና ድንች ይተክል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሩሲያ የድንች ምርት ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚገኘው ከእንዲህ ያለው የቤተሰብ ማሳ ነበር። ሕዝቡ ለራሱ ራሱ ዋስ ሆነ ማለት ነው። ድንች ግን ሆድን ይይዛል እንጂ በመንግሥት ላይ የጠፋን እምነት አይመልስም፤ እምነት በአንድ ክረምት የሚበቅል ሰብል አይደለምና።

እንግዲህ የምግብ ዋስትና ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም የምግብ መኖር፣ የመግዛት ዐቅምና ነገም እንደሚገኝ መታመኑ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጎረቤት በጎረቤቱ፣ ሕዝብም በመሪው ላይ ያለው እምነት ይላላል። ርካሽ ዋጋ ብቻውን ሰላምን አያቆምም፤ የሞላ መደርደሪያም እንዲሁ።

ያን ተማሪ ዛሬ ባገኘው የሰረዝሁበትን ዐረፍተ ነገር እመልስለት ነበር። ዐረፍተ ነገሩ እርስ በርሱ አይጋጭም፤ የሚጋጨው የዚያን ጊዜው ኑሮ ነበር። እናንተም ተማሪዎች ድርሰት ስትጽፉ በዐይናችሁ ያያችሁትን መዝግቡ። መምህር ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም ተሳስቻለሁና።