የመምህሬ ድምፅና የኪስ ማጫወቻ

ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ለምን እንደሚፈልገው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገዝቼ የደረሰብኝን ጉዳት፣ ሌላው ቤተ ሰብ ይጠነቀቅበት ዘንድ እነሆ እጽፋለሁ።

እኔ በነጌሌ ቦረና የምኖር የትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ምዕራፍና ጾመ ድጓ ተምሬ ዲቁና ተቀብያለሁ። የኔታ ከማረፋቸው በፊት ድምፃቸውን ባለ 90 ደቂቃ በሆኑ 40 ካሴቶች ቀድቼ ነበር። የቆላው ሙቀትና አቧራ ካሴቶቹን ከጥቅም ውጭ ሳያደርጋቸው ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥኋቸው።

ከዚያም ይህን ዜማ ከቅዳሴው፣ ከመዝሙሩና ከስብከቱ ጋር የሚይዝልኝ የኪስ ማጫወቻ ፈለግሁ። አይፖድ የተባለው መሣሪያ በ1994 ዓ.ም. ሲወጣ 5 ጊጋባይት ይዞ፣ አንድ ሺህ ዘፈን ይሸከማል ተብሎ ተደንቆ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን ሠሪው ማምረቱን አቆመ። ስለዚህ ከገበያ አንድ ትንሽ ማጫወቻና 256 ጊጋባይት የሚል የተጻፈበት ርካሽ ሚሞሪ ካርድ ገዛሁ። ፋይሎቹንም ከኮምፒዩተሩ አንሥቼ ወደ ካርዱ አዛወርኋቸው።

በዐቢይ ጾም አንድ ሌሊት ጾመ ድጓውን ብከፍተው ዝም አለ። ካርዱ ሐሰተኛ ኖሯል። እንዲህ ያለው ካርድ ጥቂት እየያዘ ብዙ እንደሚይዝ ለመሣሪያው ይዋሻል፤ እውነተኛው ልኩ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፣ ወይም ይጥለዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ይልቁንም ያሳዘነኝ፣ ያን ያህል ስፋት የማያስፈልገኝ መሆኑ ነው። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤም ፒ ስሪ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ ነው። እንግዲህ የ40ው ካሴት 60 ሰዓት ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ 32 ጊጋባይት ደግሞ ከ500 ሰዓት በላይ ይይዛል።

በአዶላ የሚኖር አብሮኝ የተማረ ወዳጄ 11ዱን ካሴቶች አስቀድሞ ገልብጦ ስለ ነበር እነርሱን መለሰልኝ። 29ኙ ግን ጠፍተው ቀሩ።

አሁን የያዝሁት ማጫወቻ ካርዱ የሚወጣ፣ በቁልፍ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ብዙ የሚቆይ ነው። የግእዝን ፊደል ስለማያነብ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል፤ ስለዚህ ፎልደሮቹን በቁጥር ሰይሜ ማውጫቸውን በደብተር ጻፍሁ። እናንተም ካርድ ስትገዙ እስኪሞላ ጽፋችሁ፣ መልሳችሁ አዳምጡት። ዋናውን ሳታጠፉ በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ልጄ በዚህ ማጫወቻ የኔታን እየሰማ ያጠናል። በቀደም ዕለት አንዱን ዜማ ስቶ ሲደጋግም ሰማሁት። ማጫወቻው ግን ዝም ብሎ መንገዱን ቀጠለ። የኔታ ቢሆኑ ኖሮ ከዚያች ቃል አያሳልፉትም ነበር። ጠርቼ አረምሁት።

«አባባ፣ የጠፉትንስ ማን ያሰማኛል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከ29ኙ ካሴቶች በቃሌ የቀረውን ማታ ማታ አብረን እንላለን።