መጀመሪያ ጃኩን ግዙ

የጆሮ ማዳመጫ ማጉያ በእጄ መሥራት ስጀምር ገንዘቤም ሐሳቤም አይሲው ላይ ነበር። ጃክ መጨረሻ ላይ የተገኘው የሚገጠም ይመስለኝ ነበር። አሁን ሣጥን ከመብሳቴ በፊት ጃኮቹን ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ እደረድራለሁ። እዚህ ያደረሰኝ የመጀመሪያው ሥራዬ ነው።

ንድፉ በቹ ሞይ ስም «ሲሞይ» የሚባለው ነበር። የ9 ቮልት ባትሪ በሁለት ሬዚስተሮች እኩል ይከፈልና መሐሉ የድምፁ ግራውንድ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሞክረው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከትቼ ዳዶዎቹን ሳጠብቅ ግን ድምፁ ታነቀ። ስፈታው ይመለሳል፤ ሳጠብቀው ይጠፋል። ሁለት ምሽት ሙሉ ብየዳዬን ስጠራጠር ቆይቼ ቴስተሩን በሣጥኑና በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ባደርገው ጮኸ። ከባትሪው ሌላ የገጠምኩት የአዳፕተር መሰኪያ አንገቱ ብረት ስለሆነ ኔጌቲቩን ከሣጥኑ ጋር አገናኝቶታል። የማዳመጫው ጃክም አንገቱ ብረት ነው፤ የመሐሉን ግራውንድ እዚያው ቆርቆሮ ላይ አምጥቶታል። ሊገናኙ የማይገባቸው ሁለቱ በሣጥኑ በኩል ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ሥራ አንገቱ ፕላስቲክ ያልሆነ ጃክ አልገዛም።

ስለ መጠን ካነሣን፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ማጉያ 6.35 ሚሊሜትሩን እመርጣለሁ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያ የወረስነው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሰካና ሲነቀል እንዲውል የታሰበ። ለኪስ ማጉያ 3.5ቱ ይበቃል፣ ግን በዳዶ ሣጥኑ ላይ የሚታሰር ይሁን። ቦርዱ ላይ ብቻ የተበየደ ጃክ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ብየዳውን ይነቀንቀዋል፤ ውሎ አድሮ አንዱ ጆሮ ዝም ይላል። ሁለቱም ዓይነት ሲሰካ የፕለጉ ጫፍ የሌላውን መስመር እየነካ ስለሚያልፍ ለአፍታ ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ድምፁን ሳልቀንስ አልሰካም።

ባለ 4 ፒኑ ኤክስኤልአር ያምራል፤ ሆኖም ማጉያው ለግራና ለቀኝ የየራሱ ሁለት ሁለት መውጫ ከሌለው ትርፉ ወጪ ነው። ሁለት ሁለት መውጫ ካለው ማጉያ ወደ ተራው ጃክ ስታወጡ ደግሞ ሁለቱን ኔጌቲቮች አንድ ላይ አትበይዱ፤ ማጉያው ሊቃጠል ይችላል።

የአዳፕተር መሰኪያ ስትገዙ ዓይናችሁን አትመኑ። ውጪያቸው 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ መሐል ፒናቸው 2.1 ወይም 2.5 የሆነ ሁለት ዓይነት አለ። የ2.5ቱ ፕለግ 2.1 ላይ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ እየቆራረጠ ያበሳጫል። አዳፕተሩን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩ።

ሣጥኑን ዘግታችሁ ማዳመጫችሁን ከመሰካታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ መውጫው ላይ ዲሲ ቮልት ለኩ። ከጥቂት ሚሊቮልት ካለፈ ማዳመጫችሁን አርቁና ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ፍቱ።