ክራክ ኮድ አይከፍትም

እስከ 2000 እ.ኤ.አ. መባቻ ድረስ ጠንካራ ኢንክሪፕሽን ያለው ሶፍትዌር ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአሜሪካ አይወጣም ነበር። ለዓመታትም ከጦር መሣሪያ እኩል ተመዝግቦ ኖሯል። ለውጭ አገር ሰው የሚፈቀደው የኔትስኬፕ ብሮውዘር ቁልፉ ወደ 40 ቢት የተዳከመው ነበር። የሚያስቀው ግን ሕጉ መጽሐፍን አይነካም ነበር። ፒጂፒ የተባለው የኢንክሪፕሽን ፕሮግራም ሠሪ ፊል ዚመርማን ሶርስ ኮዱን በወረቀት አሳተመ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ያሉ ሰዎች ገጹን ስካን እያደረጉ መልሰው ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት።

እኛን ግን የያዘን የኤክስፖርት ሕጉ አይመስለኝም። የፈቃድ ውሉ ነው። ክራክ ዊንዶውስ ጭነን ነጻ የወጣን ይመስለናል፤ ክራክ ከክፍያው ያስመልጣል እንጂ ኮዱን አያሳይም። ፊደላችንን እንኳ ራሳችን ልንጨምርበት አልቻልንም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከነፊደላችን አብሮ የመጣው 2007 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ በዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። እስከዚያ ፓወር ግዕዝና መሰሎቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ እየተዋሱ ይሠሩ ነበር። በአንዱ የተተየበ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ምን እንደሚመስል ቢሮ የሠራ ያውቀዋል።

ኮዱ ክፍት የሆነው የጽሑፍ ማዘጋጃ ኢማክስስ? የጃፓን ኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪው ታካሃሺ ናኦቶ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ አማርኛ የሚያስጽፍ ኮድ ሠርቶ ጨመረበት። የትኛውንም ኩባንያ ደጅ መጥናት፣ የእኛን ገበያ ማስላት አላስፈለገውም። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እቀናለሁ፤ ሥራው የእኛ መሆን ነበረበት።

ዛሬ የሊኑክስ ከርነል ሶርስ ኮድ ታምቆ 150 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ማንም ያወርደዋል፣ ይቀይረዋል። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ የክልላችን የአማራ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ሲከርም ኮዱን ለማንም ክፍት የሚያደርገው ጂፒኤል ፈቃዱ ከምንም አላስጣለንም። ዋሽንግተን ከከለከለችው ይልቅ ኔትወርኩ የከለከለን ይበዛል።

ስለዚህ ኮዱ እንደ ዚመርማን መጽሐፍ በእጅ ይምጣ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የጃናሞራ ልጆች፣ ለክረምት ስትመጡ የከርነሉንና የኢማክስን ኮድ በፍላሽ ያዙ። መምጣት ያልቻላችሁ ከደባርቅ በቧሂት በኩል ወደ መካነ ብርሃን ለሚሳፈር ሰው ስጡልን። ኢማክስ ውስጥ ያለው የታካሃሺ ኢትዮ ዩቲል የሚለው ፋይል እንዳይቀር፤ እሱን እዚህ ካሉት ተማሪዎች ጋር መስመር በመስመር ልናነበው ነው።