ገንዘቡ በከተማ፣ ጉዳዩ በቤት

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በገብርኄር ዕለት፣ የደብራችን መምህር የመክሊቱን ምሳሌ ሲያስተምሩ፣ መክሊቱን በምድር ቆፍሮ የቀበረውን አገልጋይ ጌታው እንዴት እንደ ወቀሰው ተረኩልን። ከመቅበር ይልቅ ለለዋጮች መስጠት ይገባው እንደ ነበረ በተነሣ ጊዜ፣ ከሴቶች ወገን የተቀመጡት እናቴ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። ምክንያቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ ገንዘባቸውን በገንቦ አድርገው ከጓዳው ወለል ሥር ይቀብሩ ነበር። ይህም የእርሳቸው ብቻ ልማድ አይደለም፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1898 ዓ.ም.፣ የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ በኋላ እንኳ ብዙው ባላገር የማርያ ትሬዛ ብሩን ከመሬት በቀር ለማንም አምኖ አይሰጥም ነበር። ያ ብር ግን መሬት ቢውጠውም አይበላሽም፤ የወረቀት ገንዘብ እንዲህ አይደለም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ፣ አዲስም የ200 ብር ኖት እንዲወጣ ባደረገ ጊዜ፣ ለለውጡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። እናቴ ወሬውን ሰምተው ዝም አሉ። በኅዳር አንድ ሌሊት ግን ቀስቅሰው ገንቦውን አስቆፈሩኝ። ከላይ ያለው ደኅና ነበር፤ ከሥር ያለውን እርጥበቱ አጣብቆ እንደ ቂጣ ጋግሮት አገኘነው። እያንዳንዱን በጥንቃቄ ነጥለን በፀሐይ ካደረቅን በኋላ፣ ባንክ ቤቱ አብዛኛውን ለወጠልን። ከዚያ ወዲያ እናቴ በስማቸው የቁጠባ ደብተር አወጡ። የእኔም ጡረታ በዚያው ባንክ ይገባል።

ነገር ግን ባንኩ ከእኛ ዘንድ ቅርንጫፍ የለውም። ከቀበሌያችን እስከ መኪናው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም እስከ ወረዳው ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ለመመላለሻውና ለምሳው 200 ብር ስለሚወጣ፣ 1,000 ብር ለማውጣት የሄደ ሰው አምስተኛውን እጅ በመንገድ ጥሎት ይመለሳል። በዚያ ላይ መስመር ተቋርጧል ተብሎ ባዶ እጅን መመለስ አለ። ይህ በእኔ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሷል።

በከተማ የሚኖር አንባቢ፣ ገንዘብ በስልክ የሚላክበት ዘመን ስለ ሆነ ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል ይለኝ ይሆናል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በእኛም ቀበሌ ባለሱቁ ወኪል ሆኖ ይሠራል። ይሁን እንጂ ባለ ወፍጮው፣ ጎመን ሻጯ፣ በየወሩ የሚከፈለው ዕድርና የማርያም ማኅበር፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚገዛው ጧፍና ዕጣን ሁሉ የሚሹት በእጅ የሚቆጠር ብር ነው። ወኪሉም ቢሆን ገንዘብ አያትምም፤ የሚሰጠን ብር ሌላ ሰው ያመጣለትን ነው። በገበያ ቀን ነጋዴዎች የሸጡበትን ለመላክ ወደ እርሱ ስለሚያመጡ እጁ ሙሉ ይሆናል፤ ከገበያው በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ሁሉም ለመቀበል እንጂ ለመስጠት አይመጣምና ሣጥኑ ይራቆታል። ይህን ነገር አስተውዬ ከገበያ ቀን ማታ በቀር ወደ እርሱ አለመሄድን እስክማር ድረስ ብዙ ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ፤ ያለ ጥፋቱ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ ሱባኤው በገባ በአምስተኛው ሌሊት፣ እናቴ ትኩሳት ያዛቸውና መተንፈስ አቃታቸው። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል፤ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ስለ ነበር የስልኩም መስመር አብሮ ጠፍቷል። አንድ የጎረቤት ልጅ በጨለማ እስከ መኪናው መንገድ ሮጦ ሲመለስ፣ አምቡላንሱ ወላድ ይዞ መሄዱን፣ አንድ ሹፌር ግን 2,000 ብር በእጁ ከተሰጠው ወደ ሆስፒታል ለማድረስ መፍቀዱን ነገረን። ሕክምናውን የጤና መድኑ ይሸፍነዋል፤ መኪናውን የሚሸፍን አልነበረም። በሁለታችን ደብተር 23,000 ብር ተጽፏል፤ በቤቴ የተገኘው 340 ብር ነበር።

ወደ ዕድራችን ገንዘብ ያዥ ሄድሁ። ሰውየው ፋኖሱን ይዞ ወጣና ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ደንቡን ያውቁታል፤ የዕድሩ ገንዘብ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይወጣም» አለኝ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ንዴት ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን የሰው አደራ በአንድ ሰው ልቅሶ የማይከፈት መሆኑ ደግ ነው፤ ያ ሰው ሣጥኑን ለእኔ ቢከፍተው ኖሮ ነገ ለሌላው እንዴት ይዘጋው ነበር? ከራሱ ኪስ 300 ብር ሰጠኝ። አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ መበለት ለባለቤታቸው ተዝካር ያስቀመጡትን 700 ብር ከመቀነታቸው ፈትተው አመጡ። የንስሐ አባታችን 500 ብር ጨመሩ፤ የጎደለውን 160 ብር ቃሬዛውን ሊሸከሙ የመጡት ጎልማሶች አዋጡት። እናቴን እየተፈራረቅን ተሸክመን ከመኪናው ስንደርስ ሊነጋ ምንም አልቀረውም።

ሕመሙ የሳንባ ምች ነበር። በስድስተኛው ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጓዳውን ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ያንን ገንቦ ባንሰብረው መልካም ነበር» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ወደ ገንቦው ግን አልተመለስንም። አሁን በቆርቆሮ ሣጥን 3,000 ብር እናኖራለን፤ ይኸውም በሌሊት የሚመጣ ሹፌር መልስ ስለማይኖረው በትንንሽ ኖት ነው። የሚቀመጥበትን ቦታ ባለቤቴም እናቴም ያውቃሉ፤ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ጊዜ የሚገኝ ገንዘብ አይጠቅምምና። ከዚያ ላይ የተነሣ እንደ ሆነ፣ ከከተማ በሚመጣው ብር አስቀድሞ የሚሞላው እርሱ ነው።

ደግሞም አምስት ቤተ ሰቦች ሆነን ተራ ገባን። ተረኛው ወደ ባንክ ከመሄዱ በፊት፣ እያንዳንዳችን የምንፈልገውን ያህል በስልክ ወደ እርሱ ሒሳብ እናስተላልፋለን፤ እርሱም በአንድ ጉዞ አውጥቶ ለየባለቤቱ ያድላል። የእያንዳንዱ ድርሻ በወረቀት ይጻፋል፤ ሲረከብም ባለገንዘቡ ይፈርማል። የምንሄድበትን ቀን ለሰው አናወራም፤ አንድ ቀን ብቻም አንይዝም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዕድሩ ሲሰበሰብ፣ ለታመመ ሰው መጓጓዣ እስከ 2,000 ብር በአንድ ወር የሚመለስ ብድር እንዲሰጥ ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ፣ የሞተ ሰው ብድር አይመልስም ብለው ተቃወሙ። ገንዘብ ያዡ ግን ተነሥቶ ያንን ሌሊት ተረከ፤ ደንቡም ተጨመረ። እስከ ዛሬ ሦስት ሰዎች ተበድረው ሦስቱም መልሰዋል።

በዚህ ሳምንት ተራው የእኔ ነው። ወረቀቱ ከፊቴ ተዘርግቷል፤ የአራቱ ጎረቤቶች ድርሻ ተጽፎበታል። ከሁሉ በታች እናቴ ያጻፉኝ አለ፦ በማርያም ዕለት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጡት ነዳያን የሚሆን 200 ብር፣ ሁሉም በአሥር በአሥር ብር፣ ያልተቀዳደደ።